ቁልፉ ያልተነካው ኩሬ

በማጣሪያው የመጨረሻ ኩሬ ውስጥ የነበሩት ዓሣዎች አንድም ሳይተርፍ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። ኢንስፔክተሯ ከከተማው ጣቢያ በሞተር ብስክሌት ስትመጣ፣ ጡረታዬ ሲደርስ ደግሞ የዓሣ ገዳይ ፈላጊ አደረጉኝ ብላ በራሷ ስትስቅ ነበር። እዚህ ስትደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። ከግንቡ ውጭ የቆመው ሕዝብ ሬሳ የወጣበት ቤት ሰው ይመስላል። አንዲት ሴትማ ፊቷን በመሀረብ ሸፍና ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

"የሞተው ዓሣ ብቻ ነው አይደል?" አለች ኢንስፔክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ለእርስዎ ዓሣ ነው፤ ለእኛ ምስክር ነው፣" አለ የመንደሩ ሊቀመንበር። ለእንግዳ ብሎ የለበሰው ጥቁር ሱፍ ከሐዘኑ ጋር ገጥሞለት የቀብር አስተናባሪ መስሏል።

ነገሩን ከሥሩ አጫወታት። ድሮ የዚህ መንደር ፍሳሽ በየደጁ እየወረደ ወንዝ ይገባ ነበር። ወንዙን የሚጠጡት የታች መንደር ሰዎች የመንደሩን ስም ትተው "እነ ግማቶ" ይሏቸው ነበር። ልጃገረድ ከየት ነሽ ስትባል መልሱን ትውጠው ነበር። በመጨረሻ እነ ግማቶን እልህ ያዛቸው። ከየመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ቧንቧ ቀበሩ፣ ጠጠር በትከሻቸው ተሸከሙ፣ ሸምበቆ ተከሉ። አሁን ከየቤቱ የሚወጣው ሁሉ በቧንቧ መጥቶ ገንዳ ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ በሸምበቆው ሥር፣ በጠጠሩ መሀል እየሾለከ ይጣራል፤ ኩሬው ጋ ሲደርስ ጠርቶ ነው። ዓሣዎቹን የጨመሯቸው ለመብል ሳይሆን ለሐሜተኛ አፍ መዝጊያ ነበር።

"ዛሬ ከቀትር በኋላ ደግሞ የታች መንደር ሽማግሌዎች ሊጎበኙን ይመጣሉ፣" አለ ሊቀመንበሩ። "እነዚያው ግማቶ ሲሉን የኖሩት። ካመኑበት እነሱም ሊሠሩ።"

"ጉብኝቱ ከየት ይጀምራል?"

"ከመጸዳጃ ቤት ነዋ። አንድ ቤት ገብተው ያያሉ፣ ከዚያ ቧንቧውን ተከትለው እዚህ ይደርሳሉ። ቤቱን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። እኔ ብመርጥ ከስንቱ ጋር ልቀያየም?"

ኢንስፔክተሯ ወደ ግቢው ገባች። ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የጎማ ቦቲ አድርጋ፣ ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ፣ የሞተውን ኩሬ ፊት ለፊት ቆማ ታየዋለች። መንደሩ የኩሬ እመቤት ይላታል፤ ግማሹ ለሽሙጥ፣ ግማሹ ለክብር። እሷ ሁለቱንም ለክብር ነው የምትቀበለው።

"እርስዎ ሳያውቁ እዚህ ግቢ ሰው ይገባል?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ሰው? እኔ ሳላውቅ ጠብታ አይገባም።"

ለጎብኚ ቢነገር ደረት የሚያስነፋ መልስ ነው። ለፖሊስ ሲነገር ግን ራስን ማሰር ነው። እመቤቷም ከአፏ ካመለጣት በኋላ ገባትና ቁልፉን በእጇ ሸፈነችው።

ኢንስፔክተሯም ልትሸሽጋት አልፈለገችም። "የውሃ ቢሮው ኃላፊ በስልክ ያዘዙኝን ልንገርዎ። ማን እንደመረዘው ዛሬ ካልታወቀ ማጣሪያው ይታሸጋል። ቁልፍ የያዘው ሰው ደግሞ ከእኔ ጋር ይሄዳል።"

"እኔን መውሰዱን ውሰጂኝ፣" አለች እመቤቷ። "ማሸጉ ነው አንጀቴን የሚያቃጥለው። ታሸገ ማለት ፍሳሹ በየደጁ ወረደ ማለት ነው። ልጆቻችንም እንደኛ እነ ግማቶ ተብለው ሊያድጉ ነው ማለት ነው።" ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንዳይወርድ ግን ቀና ብላ ያዘችው።

*

ኢንስፔክተሯ ግንቡን ዞረችው። ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ጫፉ ላይ የተተከለው የጠርሙስ ስባሪ አቧራው እንኳ አልተነካም። የበሩ ቁልፍ አልተጫረም። ኩሬው ዙሪያ ያለው ጭቃ ላይ የአንድ ሰው ዱካ ብቻ ነው የታተመው፤ እሱም የእመቤቷ ቦቲ። እንግዲህ ወይ እመቤቷ ናት፣ ወይ ክንፍ ያለው ሰው ነው።

ገንዳው ጋ ስትደርስ አንድ ነገር አየች። ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበት እርጥብ መስመር ከወትሮው ክንድ ያህል ከፍ ብሏል።

"ሰሞኑን ዘንቦ ነበር?"

"ደመናም አላየን፣" አለች እመቤቷ።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ከፍሳሹ ጠረን ሥር አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሌላ ሽታ አለ። የምታውቀው ነው፤ የሆስፒታል ኮሪደር ሽታ።

"በረኪና።"

እመቤቷ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "በቃ፣ ሠራተኞቼን ነው የፈጇቸው።"

"የምን ሠራተኞች?"

"ጠጠሩ ላይ ተለጥፈው ቆሻሻውን የሚበሉት ናቸዋ። ባክቴሪያዎቹ። ደመወዝ የለ፣ እረፍት የለ፣ ሌት ተቀን መብላት ብቻ። በረኪና ሲነካቸው ይሞታሉ። እነሱ ሲሞቱ ማጣሪያው ተራ ጉድጓድ ነው። ለዚህ ብለን እኮ በረኪና እዚህ መንደር እንዳይገባ ከልክለናል።"

"የከለከለው ማን ነው?"

"ሁላችንም። ተሰብስበን፣ እጃችንን አውጥተን።"

ኢንስፔክተሯ ደስ አላት። በረኪና የተከለከለበት መንደር ውስጥ በረኪና ያለው አንድ ሰው ማግኘት ከባድ ሥራ አልመሰላትም።

*

መጀመሪያ ባለሱቋ ዘንድ ሄደች።

"በረኪና? ማጣሪያው ከተከፈተ ጀምሮ እዚህ ቤት ጠርሙሱም አልገባ፣" አለች ባለሱቋ፣ የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ ወደ ውስጥ እያጠፈች። "መደርደሪያውን ይዩት። ይልቅ መንገድ ላይ ነው የዋሉት፣ መጸዳጃ ቤት አያስፈልግዎትም?"

"አመሰግናለሁ፣ ደህና ነኝ።"

"ጓሮ ነው። ቅርብ ነው።"

"ሥራ ላይ ነኝ እኮ።"

ባለሱቋ ቅር አላት።

ቀጥሎ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ገባች። ልብስ ሰፊዋ ትናንት የት እንደዋለች፣ ከማን ጋር እንዳመሸች ሳትጠየቅ ዘረዘረች። በረኪና ሲባል ግን ስፌቱ ጠመመባት። "ኧረ እኔ ክልክሉን ጥሼ!" ካለች በኋላ ወዲያው፣ "ፊትዎን መታጠብ ቢፈልጉ መጸዳጃ ቤቱ..." ብላ ተነሣች። አንጥረኛው ቤትም እንዲሁ። ቤቱ ሽቶ ሽቶ ይሸታል፤ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ሽቶ ምን ይሠራለታል ብላ ተገረመች። እሱም ትናንት ቤቱ እንደነበር ምሎ ሲያበቃ፣ እንደው ገባ ብለው እንዲያዩልኝ ብሎ ወደ ጓሮ መራት። በአራተኛው ቤት ኢንስፔክተሯ ትዕግሥቷ አለቀ። ይህ ሁሉ ሰው በየጓሮው ሊያስገባኝ የሚጋፋው ፊቴ ላይ ምን አይቶ ነው አለች ለራሷ።

አንድ ነገር ላይ ግን መንደሩ በሙሉ አንድ አፍ ነበር። ጠላት ያለው ማን ነው ስትል፣ ሁሉም ሳያመነታ ኩርፌን ይጠራል።

ኩርፌ የሚባሉት ሽማግሌ፣ ሸምበቆው የተተከለበት መሬት የእሳቸው ነበር። መንደሩ ተሰብስቦ ለማጣሪያው ሲወስነው ምትክ መሬት ተሰጣቸው፤ እሳቸው ግን ያኔ ያኮረፉት ኩርፊያ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። በማጣሪያው በር ባለፉ ቁጥር፣ ሽታ ኖረም አልኖረ፣ አፍንጫቸውን ይይዛሉ።

ቤታቸው ስትገባ በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታዋን በግማሽ አፍ መለሱ። ቤቱን ስትፈትሽ አልከለከሏትም። ከማገዶው ክምር ኋላ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ያገኘችውን ነጭ ጠርሙስ ይዛ ወጣች። ውስጡ ጠብታም የለው።

"ይህ ምንድን ነው አባባ?"

"በረኪና ነዋ። ማንበብ አትችይም?"

"ምን ሠሩበት?"

ሽማግሌው ጠርሙሱን አዩት፤ ከዚያ በር ላይ ተሰብስቦ አንገቱን የሚያሰግገውን ሰው አዩት። ፊታቸው ቀላ።

"ዓሣ ገደልኩበት። በይ እጄን እሰሪውና እንሂድ።"

ከበር ላይ ጉርምርምታ ተነሣ። ኢንስፔክተሯ ግን ሰንሰለቷን አላወጣችም። በሥራ ዘመኗ ስንት ወንጀለኛ ለምና፣ አባብላ፣ ተቆጥታ ነው ያናዘዘችው። እንዲህ ቸኩሎ የመጣ ጥፋተኛ አይታ አታውቅም።

"እንዴት ገቡ?"

"ግንቡን ዘልዬ።"

ከመቀመጫቸው ለመነሣት ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ሁለት ጊዜ ሞክረው ነበር የተነሡት።

"የግንቡ ጠርሙስ ስባሪ እጅዎን አልቆረጠዎትም?"

"ዘለልኩት አልኩሽ እንጂ ነካሁት አልኩሽ?"

*

ሽማግሌውን ይዛ ወደ ማጣሪያው ተመለሰች። ሕዝቡም ተከትሎ ግቢውን ሞላው። የቂም ምክንያት አለ፣ ጠርሙስ አለ፣ ቃል አለ። ማንም የሥራ ባልደረባዋ ቢሆን እዚህ ላይ መዝገቡን ዘግቶ ሻይ ይጠጣ ነበር። እሷ ጠርሙሱን ለእመቤቷ አሳየቻት።

"እሳቸው ናቸው?" አለች እመቤቷ። "በዚህች በአንዲት ጠርሙስ?" በሐዘኗ መሀል ኩራቷ ብድግ አለ። "ኢንስፔክተር፣ ይህን ማጣሪያ ንቀሽዋል። እንዲህ ያለ አንድ ጠርሙስ ቢውጥ አያገሳም። ይህን ለመግደል ጋሪ ሙሉ በረኪና ነው የሚያስፈልገው።"

"ጋሪ ሙሉ ማን ገዛ? በየት አስገባው?"

 ኩርፌ ከመቆም ብዛት ዘመም ሲሉ፣ ሊቀመንበሩ ሮጦ ደገፋቸው። ሲንበረከክ ፀሐዩ ጥቁር ሱፉ ላይ አረፈ። ኢንስፔክተሯ ጉልበቱ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ አየች። ጭቃ አይደለም፣ ቀለምም አይደለም፤ ጥቁሩ ራሱ ተበልቶ ቡናማ የሆነበት ነው። የሽማግሌውን የእጅጌ ጫፍ አየች፤ እዚያም አለ። አጠገባቸው ባለሱቋ ቆማለች። ወደ ውስጥ ያጠፈችው እጅጌ ተፈትቶ ወርዷል፤ እሱም ላይ አለ። የልብስ ሰፊዋ ሽርጥ ላይ አለ። ስታለቅስ የነበረችው ሴት መሀረብ ላይ አለ።

በረኪና ጥቁር ልብስ ላይ ሲፈናጠቅ ምን እንደሚያደርግ የዩኒፎርም ሱሪ አጥባ የምታውቅ ሴት አይጠፋትም።

ኢንስፔክተሯ ዞር አለችና ሊቀመንበሩን፣ "አሁን መጸዳጃ ቤት እፈልጋለሁ፣" አለችው።

የሰውየው ፊት በራ። "የእኔ ቤት ቅርብ ነው!"

"የእኔ ይቀርባል!" አለች ባለሱቋ።

የሊቀመንበሩን መረጠች። በሩን ስትከፍት ዓይኗ ተጭበረበረ። ወለሉ፣ ግድግዳው፣ መቀመጫው፣ ሁሉም ነገር የሠርግ ልብስ ይመስል ነጭ ነው። መስኮቱ ላይ አበባ ተቀምጧል። በሩን ዘግታ አንዴ እንደተነፈሰች ግን ጉሮሮዋ ተቃጠለ፣ እንባዋ ወረደ። ቶሎ ወጣችና እያሳለች ሳቀች። ከዚያ ልቧ ተነካና ሳቁ ሌላ ነገር ሆነባት። ይህ ሁሉ መፈተግ ለማን እንደሆነ ገብቷታል።

*

ስትመለስ የታች መንደር ሽማግሌዎች ደርሰዋል። መቋሚያ በያዙ አዛውንት እየተመሩ፣ የሞቱትን ዓሣዎች ያያሉ። የመንደሩ ሰው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር። እመቤቷ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ ለማስረከብ ተዘጋጅታለች።

"ገዳዩን አግኝቻለሁ፣" አለች ኢንስፔክተሯ። "ይህ ግቢ አንድ በር ብቻ ያለው መስሎኝ ስለፋ ዋልኩ። በሩ ተቆልፏል፣ ግንቡ አልተነካም፣ ጭቃው ላይ ከባለቁልፏ በቀር የሌላ ሰው ዱካ የለም። ለካ የዚህ ግቢ በር በየቤታችሁ ነው። ከእያንዳንዱ መጸዳጃ ቤት እዚህ ድረስ ቧንቧ ተዘርግቷል። ሰሞኑን በዚያ ቧንቧ፣ ዝናብ ሳይዘንብ፣ ገንዳውን ክንድ ያህል ከፍ ያደረገ የእጥበት ውሃ ወርዷል። ውሃው ብቻውን አልወረደም። እባካችሁ ሁላችሁም አጠገባችሁ ያለውን ሰው ልብስ እዩ። የራሳችሁን አትዩ፣ የጎረቤታችሁን።"

ሰው ሁሉ ጎረቤቱን አየ። ባለሱቋ የልብስ ሰፊዋን ሽርጥ፣ ልብስ ሰፊዋ የአንጥረኛውን ሱሪ፣ አንጥረኛው የሊቀመንበሩን ጉልበት።  ከዚያ ባለሱቋ ሊቀመንበሩን፣ "አንተም?" አለችው።

"ትናንት ሱፉን ስለካ መጸዳጃ ቤቱን አንዴ ልየው ብዬ... በረኪናውን ከገበያ ከተማ ነው ያመጣሁት፣" አለ ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፍቶ። "የእኔ አንድ ቤት ምን ያመጣል ብዬ ነው። ሌላው ሰው ክልክሉን እንደሚያከብር አውቃለሁ።"

"እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት፣" አለ አንጥረኛው። "የእኔ አንድ ቤት ምን ያመጣል።"

"እኔም።"

"እኔም።"

ኢንስፔክተሯ ወደ ኩርፌ ዞረች። "አባባ፣ እርስዎስ ለምን ገደልኩ አሉኝ?"

ሽማግሌው ኮስተር ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። "ኩርፌ ለእንግዳ ብሎ ሽንት ቤት ሲፈትግ ሰነበተ ከሚሉኝ ዓሣ ገዳይ ቢሉኝ ይሻለኛል ብዬ ነዋ።" ከዚያ መቋሚያ ወደያዙት እንግዳ ዞረው፣ ሸምበቆውን በአገጫቸው አሳዩ። "ያ መሬት የእኔ ነበር። እኔ ጥራጥሬ ሳበቅልበት እንዲህ አምሮበት አያውቅም። ቤቴን መርጣችሁ ብትገቡ ልነግራችሁ ነበር።"

መንደርተኛው ሳቀ፤ ብዙዎቹ እያለቀሱ። እመቤቷ ብቻ አልሳቀችም። እያንዳንዱን በተራ በተራ አየችው። ሊቆጣ የሚገባው ሰው ቢኖር እሷ ነበረች፤ ፊቷ ላይ የታየው ግን ኢንስፔክተሯ የጠበቀችው ቁጣ አልነበረም። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ሄደች።

"ዛሬ የማሳያችሁ የጠራ ውሃ የለኝም፣" አለች። "የማሳያችሁ እነዚህን ሰዎች ነው። ድሮ ፍሳሹ ወደየት እንደሚሄድ ጉዳያቸው አልነበረም። ዛሬ መጸዳጃ ቤቱ እንዲታይለት የሚፎካከር መንደር ሆነዋል። አጥፍተዋል፣ እኔ ራሴ አልምራቸውም። ግን ኮርተው ነው ያጠፉት፤ እኔም በእነሱ እኮራለሁ።"

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አወጣች። ኃላፊው ወዲያው አነሱት።

"ተገኘ?"

"ተገኝቷል።"

"ማን ነው?"

"መንደሩ ነው፣ ጌታዬ። ሁሉም አምነዋል። ከፈለጉ ይዣቸው ልምጣ፤ ጣቢያው ግን አይችላቸውም። ክፉ ሐሳብ ያለው አንድም የለበትም፤ እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው። ማሸጉንም ይተዉት። ባለቁልፏ ሥራ ላይ ናት።"

ዘግታ ቀና ስትል እመቤቷ ቁልፉን መልሳ አንገቷ ላይ አጥልቃለች። መንደርተኛውም አይቶታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ቀና አለ።

"ይድናል?" አሉ የእንግዶቹ አዛውንት።

"ይድናል፣" አለች እመቤቷ። "ጠጠሩን በንጹህ ውሃ አሳጥበዋለሁ። ከዚያ አዲስ ሠራተኛ እቀጥራለሁ። ከመጸዳጃ ጉድጓድ ሕያው ዝቃጭ ካገኘሁ፣ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ይራባሉ።" ወደ ሕዝቡ ዞረች። "በረኪና ያልገባበት ጉድጓድ ያለው ማን ነው?"

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ኢንስፔክተሯ ግን ከኋላ፣ በሰው መሀል ተጠማዝዞ ሊያመልጥ የሚሞክር አንድ ወንደላጤ አየች። የለበሰው ጥቁር ሹራብ ከታጠበ የቆየ ነው፤ ነገር ግን ከላይ እስከ ታች አንድም ነጠብጣብ የለበትም።

"እርስዎስ?"

"እሱ አቶ ነገ ነው፣" አለ አንጥረኛው፤ እንግዳ ፊት ስሙን በመጥራቱ እያፈረ። "መቼ ታጸዳለህ ሲባል ነገ ይላል። የእሱን እንኳ አያዩትም።"

"አየዋለሁ እንጂ፣" አለች እመቤቷ፤ ዓይኗ እየበራ። "እንግዶቼ፣ የምታዩት ቤት ተገኘ።"

መንደሩ በሙሉ፣ እንግዶቹ ከፊት፣ ባልዲ የያዘችው እመቤት ከእነሱም ፊት ሆና፣ ወደ አቶ ነገ ቤት ጎረፈ። ኩርፌ በአንድ ወገን የኢንስፔክተሯን ክንድ፣ በሌላ ወገን የአዛውንቱን እንግዳ ክንድ ይዘው፣ እግረ መንገዳቸውን ሸምበቆ ስንት ሥር እንዳለው ያስረዳሉ። ኢንስፔክተሯ ሞተሯን ትታ፣ ሥራዋ አልቆ እያለ፣ ለምን አብራ እንደምትሄድ ራሷን ቢጠይቋት አታውቅም። መንደሯ ባይሆንም እንደ መንደሯ ደረቷን ነፍታ ነበር የምትራመደው።

አቶ ነገ በሩ ላይ ደርሶ መንገዱን ዘጋ። ላብ አጠመቀው። በሕይወቱ ይህን ያህል እንግዳ ቤቱ መጥቶ አያውቅም፤ ደግሞም ወደዚያ ጓሮ።

"ግዴላችሁም፣ ትንሽ ጠብቁኝ፣" አለ። "ነገ አልልም። አሁኑኑ ገብቼ አንዴ ልፈትገው።"

"እንዳትነካው!"

መንደሩ በአንድ አፍ ነበር የጮኸው። ከሁሉም በላይ ግን ጎልቶ የተሰማው የታች መንደሩ አዛውንት ድምፅ ነበር።